ሚኒስትሩን በትንሽ ፊደል መጻፍ ንቀት ነው?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። የእንግሊዝኛ ዜናና ደብዳቤ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ባቀረብሁት የዜና ረቂቅ ላይ «ዘ ሚኒስተር» የሚለውን በትንሽ ኤም ስለጻፍሁ አለቃዬ በቀይ ከበቡትና «ሚኒስትሩን ናቅሻቸው እንዴ?» ብለው መለሱልኝ። እዚያው ላይ «ሺ ዋዝ አፖይንትድ ዘ ዳይሬክተር ጄኔራል» ብዬ ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ «ዘ አያስፈልገውም» ብሎ ሰረዘው። «ዘ ፕሬዚደንት ታዬ አጽቀሥላሴ» ያልሁትንም እንዲሁ ሰረዘብኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ባልደረባዎ በሁለቱም ልክ ነው። አለቃዎም ልክ የሚሆኑበት ቦታ አለ፤ ያቀረቡት ምክንያት ግን የትም ቦታ ልክ አይሆንም። ነገሩን የሚያወሳስበው ይኸው ነው፤ ሰውየው አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛ እርማት በተሳሳተ ምክንያት ያርማሉ፣ ከዚያ ምክንያቱን ይዘው የማይገባበት ይገባሉ።

እኔ አምባሳደር ሲኒማ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ከሃያ ዓመት በላይ ስተረጉም ኖሬአለሁ። ሰፈሬ ራሱ የማዕረግ ስም ይዞ የሚኖር ስለሆነ ጥያቄዎ ወደ ትክክለኛው አድራሻ ነው የመጣው። ጥያቄውን በእኛ ፊደል ስለጻፉልኝ እኔም እንግሊዝኛውን እንደ ድምፁ እያሰፈርሁ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚገባበትን በቃል እየተናገርሁ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ የአለቃዎን ቁጣ ከሥሩ እንየው፤ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁና። አማርኛ አክብሮትን የሚያኖረው ግሡ ላይ ነው። «ሚኒስትሩ መጣ» እና «ሚኒስትሩ መጡ» መካከል ያለውን ልዩነት የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ «ኬም» ብቻ አለው፤ ለእረኛውም ለሚኒስትሩም ያው ነው። ስለዚህ ከአማርኛ የሚተረጉም ሰው «መጡ» ውስጥ የነበረውን አክብሮት እጁ ላይ ይዞ ይቀራል፣ የሚያስቀምጥበት ዕቃ ያጣል። ዓይኑን ሲያዞር የእኛ ፊደል የሌለውን ነገር ያያል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል። የግዕዝ ፊደል ሀ ሁልጊዜ ሀ ነው፤ ለንጉሥም ለጠላ ቤትም መጠኑ አይለወጥም። እናም ያን ትልቁን ፊደል አይቶ «አሃ፣ እነሱ የሚያከብሩት በዚህ ነው» ይላል። ተሳስቷል። በእንግሊዝኛ ትልቅ ፊደል «ይህ ስም ነው» ይላል እንጂ «ይህ ሰው የተከበረ ነው» አይልም። ወንበዴም፣ ውሻም፣ ማክሰኞም በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ ስም ከሆኑ በቃቸው።

አለቃዎን የሚያሳምን ማስረጃ ከፈለጉ ከራሳችን ሕገ መንግሥት ያውጡላቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ መሆኑን ሲደነግግ «ነው» ይላል እንጂ «ናቸው» አይልም። እስከ ዛሬ ሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አንጓጠጠ ያለ ሰው አልሰማሁም። የሚናገረው ስለ ሥልጣኑ ስለሆነ ነው፤ በወንበሩ ላይ ስለተቀመጡት ሰው አይደለም። የዚያው አንቀጽ የእንግሊዝኛ ቅጂ ደግሞ ፒውንና ኤሙን በትልቅ ፊደል ጽፏል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሐሳብ ላይ አማርኛው አክብሮቱን ትቶት እንግሊዝኛው ትልቁን ፊደል ይዞታል። ትልቁ ፊደል የአክብሮት ምልክት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ እንዲህ አይለያዩም ነበር።

አሁን ወደ ደንቡ። ማዕረጉ ከስሙ ፊት ተጣብቆ ሲመጣ የስሙ አካል ይሆናል፤ ትልቅ ፊደል ያገኛል፣ «ዘ» ደግሞ ይቀርበታል። «ፕሬዚደንት ታዬ አጽቀሥላሴ»፣ ፒው ትልቅ፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት እንግሊዝኛ መማር አያስፈልግም፤ አማርኛውን ያዳምጡት። እኛም «ፕሬዚደንት ታዬ» እንላለን እንጂ «ፕሬዚደንቱ ታዬ» አንልም። ያች «ኡ» እና ሴት ስትሆን የምትመጣዋ «ዋ» የእንግሊዝኛው «ዘ» እህቶች ናቸው። ከስም ፊት ሲሆኑ ለእኛም ጆሮ ይቆረቁራሉ።

«ዘ» የግድ አስፈልጎኛል ካሉ መንገድ አለ፤ ኮማ ያስገቡ። «ዘ ፕሬዚደንት፣ ታዬ አጽቀሥላሴ፣» ብለው ቢጽፉ፣ ፒውን አሳንሰው በሁለት ኮማ ስሙን ቢያጥሩት፣ ዓረፍተ ነገሩ ይድናል። አሁን ማዕረጉ ከስሙ ወርዶ ገለጻ ሆኗል፤ ስሙም «ማለትም እሳቸው» የሚል ተጨማሪ ሆኖ ገብቷል። ብዙ የእንግሊዝ ጋዜጦች የሚመርጡት ይህን ነው። «የቀድሞው» የሚለው ቃል ሲመጣም ተመሳሳይ ነገር ይገጥምዎታል። «የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ» ሲባል የእኛ «ው» «ዘ»ን ትጋብዛለች። የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ ያለ «ዘ» ጽፎ፣ «ፎርመር» የሚለውን አሳንሶ ማዕረጉን ትልቅ ያደርጋል። እንግሊዞቹ በብዛት «ዘ» አስገብተው ሁሉንም ያሳንሱታል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው «ዘ»ን ከአንዱ፣ ትልቁን ፊደል ከሌላው ወስዶ መቀላቀል ነው፤ በየጠረጴዛው የማየውም ይህንኑ ቅልቅል ነው።

ስለ ስም ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፣ አልጠየቁኝም ግን ነገ ይገጥምዎታል። ፈረንጆች ከማዕረግ ቀጥሎ የቤተሰብ ስም ይጽፋሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ስለዚህ «ፕራይም ሚኒስተር ዐቢይ» ትክክል ነው፤ «ፕራይም ሚኒስተር አሕመድ» ካሉ አባታቸውን ሾሙ። የውጭ ባለሙያ ረቂቅዎን አይቶ ወደ አባት ስም ቢቀይርልዎ በትሕትና ይመልሱት። በመጀመሪያው ላይ ሙሉ ስሙን፣ ከዚያ በኋላ የራስን ስም ብቻ ይጻፉ።

የድሮ ማዕረጎቻችንም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ የተከፈተች መጽሐፍ ናት። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ ራስ መኮንን ድልድይን ይሻገራሉ። በእንግሊዝኛ ሲጽፉት አሩ ትልቅ፣ «ዘ» የለም፣ ምክንያቱም «ራስ» እዚያ የስሙ አካል ነው። «ራሱ ወደ ሐረር ተመለሱ» ለማለት ግን «ዘ ራስ» ይሆናል፣ በትንሽ አር። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው ራስ ሆቴል ግን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ «ዘ ራስ ሆቴል» ይባላል፤ «ዘ»ዋን ያመጣት ራስ ሳይሆን ሆቴል ነው፣ የሆቴል ስም በእንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ «ዘ» ይወዳል። እስኪ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክን ይመልከቱ። እንግሊዝኛው ማዕረጉን ከፊት፣ ቁጥሩን ከኋላ አድርጎ «ኤምፐረር ምኒልክ» ብሎ ሁለት የሮማ ቁጥር ይጨምርበታል። ሲጻፍ «ዘ» የለም፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን «ምኒልክ ዘ ሰከንድ» ይባላል። የማትጻፍ ነገር ግን የምትነበብ «ዘ»! በዚህች ምክንያት ስንት ዜና አንባቢ በቀጥታ ሥርጭት ላይ «ምኒልክ ቱ» ሲል ሰምቻለሁ።

በነገራችን ላይ በቆዩ የእንግሊዝ መጻሕፍት ውስጥ «ዘ ኤምፐረር» ከንጉሠ ነገሥቱ ስም ፊት ተጽፎ ያገኛሉ፤ በ1914 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሳራዬቮ ላይ የተገደለው የኦስትሪያ መስፍን ፍራንዝ ፈርዲናንድም እስከ ዛሬ «ዘ አርችዱክ» እየተባለ ይጻፋል። የድሮ ወግ ቅሪት ነው። ያንን አይተው ለዛሬ ሹም አይጠቀሙበት።

አሁን ወደ ሹመቱ ዓረፍተ ነገር እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ተሾመ»፣ «ተመረጠ»፣ «ሆነ» ከሚሉ ግሦች ኋላ ማዕረግ ሲመጣ ወንበሮቹን ይቁጠሩ። ወንበሩ አንድ ብቻ ከሆነ አርቲክል፣ ማለትም «ዘ»፣ «ኤ» ወይም «አን»፣ ባይኖር ይመረጣል፤ ማዕረጉም በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ሳህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚደንት ሆነው ተመረጡ፤ «ሺ ዋዝ ኤሌክትድ ፕሬዚደንት ኦቭ ኢትዮጵያ»። የፕሬዚደንት ወንበር አንድ ነው፣ «የትኛዋ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ «ዘ»ም ሥራ የላትም። የእርስዎ ዋና ዳይሬክተርም እንደዚሁ ናቸው፤ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ዋና ዳይሬክተር። «ዘ» ብትገባ ዓረፍተ ነገሩ ፈጽሞ አይሞትም፤ ግን እንደተበደረ ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶ ይታያል።

ወንበሩ ከአንድ በላይ ሲሆን ግን «ኤ» ወይም «አን» የግድ ነው። በአንድ ሚኒስቴር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ሚኒስትር ዴኤታ አለ፤ ስለዚህ «ኤ ስቴት ሚኒስተር»። አማካሪም ብዙ ነው፤ «አን አድቫይዘር»። የፓርላማ አባልም እንዲሁ፤ በአጭሩ ሲጻፍ ደግሞ «አን ኤምፒ» ይሆናል፣ ኤም የምትባለው ፊደል በአናባቢ ድምፅ ስለምትጀምር ነው። ዳኛው ጆሮ እንጂ ዓይን አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ በአናባቢ ፊደል ተጽፎ «ኤ ዩኒቨርሲቲ» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ከላይ የነገርሁዎት የ«ኡ» እና «ዋ» ፈተና እዚህም ያገለግላል። «ፕሬዚደንት ሆነው ተመረጡ» እንላለን፤ «ፕሬዚደንቱ ሆነው ተመረጡ» አንልም። አማርኛው ከተወው እንግሊዝኛውም ይተወዋል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ እቸልስበታለሁ፣ ፈተናው የሚከዳበት አንድ ሰፊ በር አለና። «የጤና ሚኒስትር ትናንት መግለጫ ሰጡ» ብንል በአማርኛ «ኡ» የለችም። እንግሊዝኛው ግን «ዘ ሚኒስተር ኦቭ ሄልዝ» ካላሉ አይቀበልዎትም። ማዕረጉ ያለ ስም የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ከሆነ፣ «ዘ» ትግባ። «የ» ስትኖር አማርኛው «ኡ»ን ስለሚቆጥብ ነው የምንታለለው። እግረ መንገድዎን ሚኒስትርና ሚኒስቴርን ያጣሩ። በእኛ በኩል ልዩነቱ አንዲት የ«ቴ» እግር ናት፤ በእንግሊዝኛው ግን ሰውየውና ሕንፃው ይለያያሉ። መግለጫውን የሰጠው መሥሪያ ቤቱ ሆኖ ሳለ ሚኒስትሩን ያናገረ ትርጉም ስንት ጊዜ አርሜአለሁ መሰልዎት።

እስካሁን የተናገርሁት በአብዛኛው የጋዜጣ እንግሊዝኛ ነው፤ እርስዎም የጻፉት ዜና ስለነበር ትንሿ ኤም ልክ ነበረች። አሶሺየትድ ፕሬስም ሆነ ብዙ አሳታሚዎች የሚከተሉት የቺካጎ መመሪያ ማዕረግ ብቻውን ሲቆም ያሳንሱታል። የብሪታንያ መንግሥት እንኳ ለራሱ ድረ ገጽ ባወጣው የአጻጻፍ መመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከስማቸው ጋር በትልቅ፣ ያለ ስማቸው በትንሽ ፊደል ይጽፋል። የገዛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚንቅ መንግሥት አይመስለኝም።

አለቃዎ ልክ የሚሆኑት ወረቀቱ ሲለወጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሰነዶቹ ውስጥ ዋና ጸሐፊውን ብቻቸውን ሲጠራም በትልቅ ፊደል ይጽፋል፤ እዚያ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ ካለዎት ይጠይቁት። የዲፕሎማሲ ማስታወሻ ሲጻፍም ሚኒስቴሩ ለኤምባሲው ሰላምታውን የሚያቀርበው ሁለቱም በትልቅ ፊደል ተጽፈው ነው። ከሁሉም የሚያመዝነው ግን ሕግና ውል ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዋጅ ሲገልጡ ከመጀመሪያዎቹ አንቀጾች አንዱ ትርጓሜ ነው፤ «ሚኒስቴር ማለት ይህ ሚኒስቴር ነው» ይላል። ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝኛው ዓምድ ያ ቃል በትልቅ ፊደል በመጣ ቁጥር «ከላይ የተረጎምሁት ያው» ማለት ነው። እዚህ ትልቁ ፊደል ሕጋዊ ሥራ ይሠራል፤ በስንፍና ቢያሳንሱት ትርጉሙ ይላላል። በውል ትርጉም ላይ አንዲትም ትልቅ ፊደል ሳልቆጥር አላልፍም። እርስዎም የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ሲጽፉ በትልቅ ኤም ይጻፉ፤ የቤቱ ልማድ ከሆነ ስሕተት አይደለም።

ደብዳቤ ካልን ትንንሾቹን ቦታዎች በፍጥነት ልንገርዎ። ከፊርማ በታች፣ በር ላይና ቢዝነስ ካርድ ላይ ማዕረጉ በትልቅ ፊደል፣ ያለ «ዘ»። ከላይ አድራሻው ላይ የሰውየውን ስም ሳያውቁ «ለሥራ አስኪያጁ» ብለው የሚልኩ ከሆነ ግን በእንግሊዞቹ ወግ «ዘ ማኔጀር» ይባላል፣ ሁለቱም በትልቅ። ሰላምታው ላይ ተመልሳ ትጠፋለች፤ «ዲር ሚኒስተር» እንጂ «ዲር ዘ ሚኒስተር» የሚባል ነገር የለም።

እንግዲህ አክብሮቱ የት ይግባ? ቦታ አለው። «ክቡር» በሰው ላይ ሲነገር «ሂዝ ኤክሰለንሲ»፣ «ክብርት» ሲሆን «ኸር ኤክሰለንሲ»፣ ፊት ለፊት ሲያናግሯቸው «ዩር ኤክሰለንሲ»። ክቡርነታቸውና ክቡርነትዎ የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ። የድሮው «ግርማዊነታቸው» የሚሄደውም በዚሁ መንገድ ነበር፤ «ሂዝ ኢምፒሪያል ማጀስቲ»። እነዚህ «የእሳቸው» የሚለውን በውስጣቸው ስለያዙ ከፊታቸው «ዘ» አያስጠጉም። «ኦነረብል» የሚለው ሌላኛው የክብር ቃል ደግሞ በተቃራኒው ከሰው ስም ፊት በወጉ ሲጻፍ «ዘ»ን ይፈልጋል። «ክቡር አቶ» ካለ «አቶ»ን እንዳለ ይተዉት ወይም «ሚስተር» ያድርጉት፤ ሁለቱን አይደርቡ።

ይህን የምለው ተገርፌበት ነው። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ለአንድ መሥሪያ ቤት የምረቃ ጥሪ ወረቀት ተርጉሜ «ዘ ሂዝ ኤክሰለንሲ» ብዬ ሰጠሁ። ማንም አላየውም፤ ታትሞ ታጥፎ ፖስታ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ አዛውንት የፕሮቶኮል ሹም በጣታቸው «ዘ»ዋን ጠቆም አድርገው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከስድብ ይብስ ነበር። በራሴ ገንዘብ አሳተምሁት።

የተቋማት ስም ሌላ ቀን ይቆየን፤ ለዛሬ አንዲት ነገር ብቻ ይያዙ። የቦታው ስም ከፊት ሲመጣ «ዘ» የለም፣ «ኦቭ» ሲገባ «ዘ» ትመጣለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለ «ዘ» ይጻፋል፤ የጎንደሩ ግን በእንግሊዝኛ «ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ጎንደር» ስለሚባል ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ዘ» ያስከትላል። ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክም «ኦቭ ኢትዮጵያ» ስላላቸው እንደ ጎንደሩ ናቸው።

እንግዲህ ረቂቅዎን እንዲህ ያስተካክሉት። ፕሬዚደንቱን ያለ «ዘ» በትልቅ ፒ፣ ሹመቷን «አፖይንትድ ዳይሬክተር ጄኔራል» በትንንሽ ፊደል፣ ሚኒስትሩን ዜናው ውስጥ በትንሽ፣ ደብዳቤው ውስጥ በትልቅ ኤም። ከዚያ ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፈው አለቃዎ እንዲፈርሙበት ያድርጉ፤ የተፈረመ ገጽ ሲኖር ቀይ እስክሪብቶ ይቀንሳል። ሰውየው ዜናው ላይም ትልቋን ኤም ካልተዉ፣ ይተዉላቸው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ማንም አንባቢ አይቀየምም። «ዘ»ዋን ግን ከታዬ አጽቀሥላሴ ፊት እንዳይመልሷት።